እሳት ያየ ነገር

ጋሽ ወርቅነህ ማረፋቸውን የሰማሁት ባልዲ ስሸጥ ነው። ከአንዲት ደንበኛዬ ጋር በክዳን ጉዳይ ስንጨቃጨቅ የእድሩ ለፋፊ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ ሱቆቹ አዙሮ፣ «የቀድሞው የኬሚስትሪ መምህር አቶ ወርቅነህ…» እያለ አለፈ። የቀብሩን ቦታ ሲናገር አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀውና ዋጠው። ደንበኛዬ «ማን ሞተ አለ?» ስትለኝ «ባልዲ ገዢዬ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ክዳኑን ጨምሬ ባልዲውን ሰጠኋትና ሱቄን ዘጋሁ።

ሰው ሲሞት ቁም ነገር መናገር የሚችሉ ሰዎች ያስቀኑኛል። እኔ አዳማ ገበያ ዳር ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን የምሸጥ ሴት ነኝ፤ እሳቸውንም ያወቅኋቸው በዚሁ ነው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ባልዲዎቼን አንድ በአንድ እያነሱ ከሥራቸው አንኳኩ፤ ቀጥለው አፍንጫቸውን ከትተው አሸተቱ። ካኪ ኮት የለበሱ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ እስክሪብቶ የደረደሩ ሽማግሌ ባልዲ ሲያሸቱ አስቡት። ሳቄ አመለጠኝ፤ እንደ ልማዴም አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ። ባልዲውን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ።

«ወለንጪቲ ነሽ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«እጅሽ።»

እውነታቸውን ነበር። የተወለድኩት ከወለንጪቲ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። የእኛ ጉድጓድ ውሃ ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ግን ከመሬት ሆድ ፍሎራይድ የሚሉትን ነገር ይዞ ይወጣል። እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ በልዞ ይበቅላል፤ ቡናማ ነው፣ አንዳንዱም ጠርዙ የተሸራረፈ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ወደ አጥንት ይገባና ጉልበት አልታጠፍ፣ ወገብ አልቃና ይላል። ልጆች ሳለን የሰው ጥርስ ቀለሙ እንዲያ ይመስለን ነበር። ማፈር የተማርኩት አዳማ ስመጣ ነው። የእኛ አገር ሰው ሲስቅ አፉን ይሸፍናል፤ በዚህ ይታወቃል።

ጋሽ ወርቅነህ በወጣትነታቸው እኛ ዘንድ አስተምረዋል። አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው የነገሩኝን አልረሳውም። «ተማሪ ተነስቶ ሲመልስ እጁ አፉ ላይ ስለሆነ አይሰማም። አንዱን ‹እጅህን አውርድ!› ብዬ ጮኽኩበት። አወረደ። ከሌላ አገር የመጣች አንዲት ልጅ ጥርሱን አይታ ሳቀች። በማግስቱ ቀረ፤ በዚያው ትምህርቱን ተወ። መልሱ እኮ ትክክል ነበር።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ያላደፈውን መስተዋት በኮታቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር።

ቀላል ሰው አልነበሩም፤ ቁጡ ናቸው። የተናደዱበትን ሰው «አንተ ያልተመጣጠነ ቀመር!» ይሉታል፤ ተሰዳቢው መሰደቡን እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል። ምግብ ቤት ሲገቡ ውሃውን ወደ ብርሃን አንስተው ሳያዩ አይጠጡም፤ አስተናጋጇን «ይህ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ይጠይቋታል፤ እሷም «ከማድ ቤት» ትላቸዋለች። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። እኔን «አንቺ ልጅ» ይሉኛል፤ የልጅ እናት መሆኔን ነግሬያቸው አልሰሙኝም።

ደግሞ ሰው አያምኑም። ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። ዓለም ጤና ከተማ ሲያስተምሩ ገበሬው ሽንኩርቱ እየበሰበሰ ሲማረር አይተው፣ ነፋስ ከሥር ገብቶ ከላይ የሚወጣበት የሽንኩርት ማቆያ ቆጥ ሠሩ። ለጠየቃቸው ሁሉ አሳዩ፤ ለአንድ ባለሙያ ነኝ ባይም አሠራሩን በገዛ እጃቸው ሳሉለት። ሰውየው ቆጡን በስሙ አድርጎ ተሸለመበት። ጋሽ ወርቅነህ ሽልማቱን ያዩት ሻይ ቤት ቁጭ ብለው በቴሌቪዥን ነው። «አጨበጨብኩ» አሉኝ። «ሁሉም ሲያጨበጭብ ምን ላድርግ?» እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸውን ሁሉ በሌባ ዓይን ያዩት ጀመር።

አዳማ የስልጠና ከተማ ናት። ከየአገሩ የመጣ ሰው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ሻዩን በብስኩት ጠጥቶ ይበተናል። አንድ ጊዜ ስለ ፈጠራ ሥራ መብት ስልጠና ሲሰጥ ጋሽ ወርቅነህም ገቡ። አሠልጣኙ እንደ ቀልድ፣ «ማመልከቻ ሳታስገቡ ለሚስታችሁም እንዳትነግሩ» አለ። አዳራሹ ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ምክሩ እንደ ምክር ደህና ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ውግዘት ተቀበሉት።

ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ትልቁን ነገር አግኝተውታል። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ግቢ ተከራይተው ያገኙትን ሁሉ ያቃጥሉ ነበር። የሰፈሩ ሰው ግማሹ አረቄ ያወጣሉ፣ ግማሹ ወርቅ ያቀልጣሉ ይላል። በርሜል በበርሜል ውስጥ አስበይደው ያሠሩት ምድጃ ደጅ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው የሚቆመው፤ ጭሱን መልሶ ራሱ ስለሚያቃጥለው ሽታ የለውም። የሚቃጠለው ነገር ግን አፉ በታሰረ ጆንያ ይገባል፣ በተዘጋ ቤት ይፈጫል፣ ጥቁር ፍርፋሪ ሆኖ ይወጣል። ፍርፋሪውን ባልዲ ውስጥ አድርገው ክዳኑን በሽቦ ያሽጉታል። ከላይ የተጨመረው ውሃ በፍርፋሪው ውስጥ አልፎ ታች ወዳለው ሌላ ባልዲ ይወርዳል፤ ከዚያ በቧንቧ ይቀዳል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሱቄ ውስጥ አሳዩኝ። ከመንደራችን ጉድጓድ ያስመጡትን ውሃ በሁለት ብርጭቆ አደረጉ፤ አንዱ እንዳለ ነው፣ አንዱ በባልዲው ያለፈ ነው። በሁለቱም ላይ ቀይ መድኃኒት ጠብ አደረጉ። ባላለፈው ውሃ ቀዩ ቀለም ወዲያው እየደበዘዘ ጠፋ፤ ባለፈው ውሃ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ። «ቀለሙን የበላው ነው ጥርስሽን የበላው» አሉኝ። አፌን ሸፍኜ አለቀስኩ። ሰው ለምን እንደሆነ የማያውቀውን ነገር ሲያሳዩት ያለቅሳል።

መንደሩ ውስጥ ታናሽ እህቴ ሙሉ አለች። ያኔ ልጇ ቤዛ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ ትንንሽ የወተት ጥርሶቿ ጸዓዳ ናቸው። «እነዚህን አትይ» አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ፣ ባልዲዎቹን ይዘን የሄድን ቀን ልጅቷን አቅፈው። «እነዚህ ይረግፋሉ። ቋሚው ጥርሷ አሁን ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው፤ የሚሠራውም በምትጠጣው ውሃ ነው። ለእሷ አልረፈደም።» እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ለየቤቱ አደሉ፤ ከማንም ምንም አልጠየቁም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ለመኑ፤ ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት።

ሰዉ ግን ይጠይቃል፤ የሚጠጣው እሱ ነው። የሙሉ ጎረቤት ፋጤ ገና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይዛ፣ «ጋሼ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«እሳት ያየ ነገር ነው» አሉ።

«ከሰል ነዋ» አለች ፋጤ ለሌሎቹ፤ እሳቸውም አላረሟትም። ቄሱ አባ ተክሌ ደግሞ ጸሎት ሊያደርሱበት ፈልገው፣ «ምን ብዬ ልባርከው?» ሲሉ «ውሃ ብለው ይባርኩት» አሏቸው። ሰዉ ሳቀ፤ ተባረከ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እኔም ሞከርኩ። «ጋሼ፣ እኛ መንደር ሌባ የለም። ቢያውቁት ምን ይጎዳዎታል?» አልኳቸው። «በስሜ ሲመዘገብ» አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው አፋቸውን ዘጉብኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተጠጣ። ፍርፋሪው ሲደክም እሳቸው ራሳቸው በአይሱዙ ጭነው እየሄዱ ይቀይሩታል፤ በር ዘግተው ይቀይሩታል። የሙሉ አማት እማማ ደስታ ጉልበታቸው ከማይታጠፍባቸው ሰዎች አንዷ ናቸው፤ ሲሰግዱ ግድግዳ ይዘው ነው። ቆራቢ ናቸው፤ ጾም ካልሆነባቸው ቀን ጾም የሆነባቸው ቀን ይበዛል። «ይህን ውሃ ከጠጣሁ ወዲህ ሌሊት የሚቆረጥመኝ ቀለለልኝ» ይሉ ነበር። ቀልሎላቸው ይሁን ጋሽ ወርቅነህን ወደዋቸው ይሁን አላውቅም። በጸሎታቸው ስማቸውን ያነሱ እንደነበር ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ማመልከቻው ገባ። አዲስ አበባ ሄደው አስገብተው ሲመለሱ ክራባት አስረው ነበር። «አሁን ማንም አይወስደውም» አሉኝ። «አሁን መናገር እችላለሁ። መንደሩን ሰብስቢልኝ።» ያ ሁሉ ዝምታ ለካ ከብዷቸው ኖሯል። መንገዱን ሁሉ ሲያወሩ ሄዱ፤ የሞጆ ደረቅ ወደብ መኪኖች ሰልፍ ይዘውብን ቆመን እንኳ አልተነጫነጩም።

አይ፣ መንገዱን ተሳሳትኩ፤ የሞጆው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የነገሩኝ ነው። ወለንጪቲ ስንሄድ መንገዱ ባዶ ነበር። ያቺን ቀን ሳስብ ነገር ሁሉ ይደባለቅብኛል።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ሁዳዴ ጾም ከገባ ቆይቷል። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ እንደወጣ፣ እስላሙም ከየቤቱ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ግቢ ግራር ሥር ተቀመጠ። ሼህ ከድር እንደ ወትሮው በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ» ብለው መምህሩን ሰላም አሏቸውና ከአባ ተክሌ ጎን ወንበር ያዙ። ጋሽ ወርቅነህ ፊት ለፊት ቆመው ከቦርሳቸው አንድ ነገር አወጡ። ትልቅ የበሬ ቅልጥም ነበር። ከፍ አድርገው ያዙት።

«ስትጠጡት የኖራችሁት ይህን ነው» አሉ።

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁና የተቃጠለ አጥንት አወጡ፤ ቀጥለው ጥቁሩን ፍርፋሪ በመዳፋቸው ዘገኑ። ሰብል፣ ገለባ፣ ሸክላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሁሉ አቃጥለው እንደሞከሩ፣ ሁሉም እምቢ ብሎ አጥንት ብቻ እሺ እንዳለ አስረዱ። «ከቄራና ከሥጋ ቤት የሚጣል፣ ለውሻ የሚወረወር አጥንት! ማንም ያላሰበው!» ሳቁ ከኋላ በኩል እየቆመ ወደ ፊት መጣ። እኔ የእማማ ደስታን ፊት አየሁና አንገቴን ደፋሁ።

አባ ተክሌ ቀስ ብለው፣ «መምህር፣ በሁዳዴም?» አሉ።

«በሁዳዴም፣ በክረምትም፣ በበጋም ይሠራል። አያርፍም» አሉ ጋሽ ወርቅነህ ደስ ብሏቸው።

ፋጤ ተነሳች። «ማን ያረደው ነው?»

«እ?»

«ከብቱን። ማን ያረደው ነው?»

«የሁሉም ነው። ከክርስቲያንም ከእስላምም ሥጋ ቤት እሰበስባለሁ፤ አንድ ላይ ነው የሚቃጠለው። ልጄ፣ አጥንት ሃይማኖት የለውም። እሳት ያየ አጥንት ደግሞ አጥንትም አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።»

እንደ ኬሚስትሪው እውነት ነው መሰለኝ። ግን እኛ አገር ጎረቤት ለጎረቤት ነፍሱን ይሰጣል፤ ሥጋውን ግን ለየብቻ ነው የሚበላው። ሰርግ ሲሆን እንኳ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይበሰላል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ጋሽ ወርቅነህም ያውቁታል፤ በሕይወታቸው ሙሉ እንዲያ ነው የበሉት። እዚያ የቆሙ ጊዜ ግን ምድጃቸው ብቻ ነው የታያቸው።

እማማ ደስታ ግራሩን ይዘው ተነሱ። ነጠላቸውን አራገፉ። «በዚህ አፌ ቆርቤያለሁ» አሉ፤ ለማንም አይደለም የተናገሩት። ከዚያ ሄዱ። እሳቸው ሲሄዱ ሌላውም እየተነሳ ሄደ። የተሳደበ የለም፤ ድንጋይ ያነሳ የለም። ቢሳደቡ ይሻላቸው ነበር። ቅልጥሙን እንደያዙ ቆመው ቀሩ፤ «ምን ሆኑ? ማብራሪያውን አልጨረስኩም እኮ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲዎቹ በሙሉ ከመንደሩ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ተገኙ። እኔ ባልዲ ነጋዴ ነኝ። በዚያ አገር ባልዲ አይጣልም፤ ሲሰነጠቅ ሚስማር ግሎ ይበየዳል፣ መበየድ ሲያቅት ለዶሮ ጥሬ መስፈሪያ ይሆናል። እነዚያ ግን ደህና ባልዲዎች ነበሩ፣ ክዳናቸው እንኳ አልተከፈተም፤ መንገደኛ አንስቷቸው እንዲሄድ ተትተው ነበር። የመጨረሻውን ይዛ የመጣችው ሙሉ ናት። ባሏን ለምናዋለች። «ለቤዛ ብቻ፣ ደብቄ» ብላዋለች። «እናቴ የማትጠጣውን ልጄ አትጠጣም» አላት። ባልዲውን አስቀምጣ ቧንቧውን ከፈተችው፤ የቀረው ውሃ አፈሩ ላይ ፈሶ እስኪያልቅ ቆማ አየችው።

ጋሽ ወርቅነህ ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ሲገባቸው ግን አላኮረፉም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። አባ ተክሌና ሼህ ከድር ዘንድ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ እኔ ነኝ ያደረስኳቸው። ሼህ ከድር፣ «ቀድመህ ብትጠይቀን ኪታብ ገልጠን እናይ ነበር። የእኛ ያረድነውን ለብቻ፣ የእነሱን ለብቻ ማቃጠል ያቅትህ ነበር?» አሏቸው።

«አያቅተኝም ነበር» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

አባ ተክሌም ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በአጥንቱ አልነበረም። «ዓመድ እንደሆነ እኔም ይገባኛል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እርስዎ ጥሩውን ውሃ ሰጡን፣ ነገሩን ግን ነሱን። እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር፤ ምን ብዬ ልባርከው ብዬ።»

«ይሰርቁኛል ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ማን? እኛ?»

ሁለቱም ሽማግሌዎች አዝነውላቸው፣ ለየብቻ የተቃጠለ ከሆነ ችግር እንደሌለው በየቤተ እምነታቸው ተናገሩላቸው። ግቢው ውስጥ ሁለት ምድጃ ተተከለ፤ ጆንያዎቹ ደጅ ላይ አፋቸውን ከፍተው ተቀመጡ፤ ማየት ለፈለገ ሁሉ እንዲታይ። ማንም አልመጣም። አንዴ የተደበቀበት ሰው ሁለተኛ ምን ይደበቅብኝ ይሆን እያለ ያያል። የቆረቡት ሰዎች ንስሐ ገብተው ስግደት እንደታዘዙ ጋሽ ወርቅነህ ሲሰሙ፣ «እማማ ደስታም?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «በዚያ ጉልበቷ?» አሉ። ያ ጉልበት የደነደነው በጉድጓዱ ውሃ ነው፤ አሁን የሚንበረከከው ደግሞ ከጉድጓዱ ውሃ ስላዳናቸው ውሃ ነው። ይህን አስበው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ይዘውት ቆዩ፣ አልወለወሉትም።

ከአዲስ አበባ መልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማመልከቻውን የመረመረው ሰው ትሁት ነበር አሉ፤ ቁጭ አድርጎ አስረዳቸው። አጥንት አቃጥሎ ውሃ ማጣራት በሌላ አገር ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በማንም ስም አይመዘገብም። ጭሱን የሚያቃጥለው ምድጃ ግን አዲስ ሊሆን ይችል ነበር፤ ለብቻው ቢያመለክቱበት ኖሮ። በዚያን ጊዜ ደግሞ በርሜሉን የበየደላቸው ሰው ያንኑ ምድጃ እየሠራ ለከሰል አክሳዩም ለዳቦ ቤቱም መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ከአዳማ እስከ መቂ ያልደረሰበት የለም። ደጅ ላይ የቆመ ነገር ነው፤ ማየት ማን ይከለክለዋል?

ሱቄ ደጃፍ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ነው የነገሩኝ። «በር ዘግቼ የደበቅኩት የእኔ አልነበረም» አሉኝ። «የእኔ የሆነው በር ላይ ቆሞ ነበር።» ልሳቅ ወይ ላልቅስ ቸገረኝ። ተናደድኩባቸው። መንደሬን ቀምተውኛል፤ አሁን እህቴ ቤት ስገባ እንኳ ያመጣሁትን ዳቦ ገልብጠው የሚያዩ ሰዎች አሉ። «ታዲያ ለዚህ ነው እንዴ እነዚያን ልጆች ውሃ ያሳጧቸው?» አልኳቸው። ቢቆጡኝ፣ ያልተመጣጠነ ቀመር ቢሉኝ ደስ ባለኝ። «ለዚህ ነው» አሉኝ፤ ተነስተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሚወሩ አይደሉም። ግቢውን ለቀቁ። ውሃ ሲቀርብላቸው ወደ ብርሃን አንስተው ማየት ተዉ፤ ያገኙትን ይጠጣሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ቤዛ ሊጠይቁኝ አፋቸውን ይከፍቱና ሌላ ነገር ይጠይቁኛል። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ምን ብዬ? ልጅቷ ወደ ጉድጓዱ ውሃ እንደተመለሰች ያውቁታል፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ በየትኛው ወር የትኛው ጥርስ እንደሚሠራ ቆጥረው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ከመንደራችን የመጣችው ሙሉ ብቻ ናት፤ እማማ ደስታ ከሞቱ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚከለክላት የለም። ቤዛን ይዛት መጣች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿ ረግፈው ቋሚዎቹ በቅለዋል። ከቀብር መልስ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለን ሙሉ ልጇን አገጯን ይዛ ወደ እኔ አዞረቻት። «አፍሽን ክፈቺ፣ ለእቴቴ አሳይያት» አለቻት።

የፊት ጥርሶቿ ጫፋቸው በልዟል። ወደ ድዷ በኩልም በልዟል። መካከል ላይ ግን፣ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየተሻገረ፣ አንድ ነጭ መስመር አለ። ንጹሕ ነጭ ነው። በቀጭን ብሩሽ የተቀባ ይመስላል። ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ ከጫፉ ወደ ሥሩ ሲሠራ፣ ባልዲው ቤት ውስጥ የነበረበት ጊዜ ላይ ሲደርስ የተሠራው ነው፤ ዓመት ከመንፈቁ እዚያ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ወርቅነህን ይህን ሳያዩ ቀበርናቸው። ቢያዩት ይሻል እንደነበር ወይ እንደማይሻል አሁንም አላውቅም።

«የዚያን ጊዜ ልጆች ሁሉ አለባቸው» አለች ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የአጥንቱ ምልክት ነው ይላሉ። መስመሩ የሌላቸው ልጆች አብረዋት ውሃ አይጠጡም፤ ጥርሰ ለምጽ ይሏታል። አልቅሳ ነው ከትምህርት ቤት የምትመጣው። አንቺ ከተማ ነሽ ብዬ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ያጠፋው ይሆን?»

«ሙሉዬ» አልኳት፣ እንባዬ እየመጣ፣ «ጤነኛው ጥርሷ እኮ ይህ ነጩ ነው። በሽታው ሌላው ነው።»

«እሱን አውቃለሁ» አለች እህቴ። «ነጩን ቡናማ የሚያደርግላት አለ ወይ ነው የምልሽ።»